ጅዳ ከሰሌዳው ውጭ ናት

ታኅሣሥ 3 ቀን 2015፣ ሰኞ። ካርቱም፣ ጀሪፍ

ኡስታዛ ኢንዓም ለኛ ለረዳቶቿ ዘወትር የምትለው ነገር አለ። «ልጅ ሲሠራ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ የመሰላችሁን አትጻፉ።» ለትምህርት ቤቱ እንደዚያ እጽፋለሁ፣ በዐረብኛ። ይሄኛው ደብተር ግን የራሴ ነው፣ በአማርኛ። የመሰለኝን የማሰፍርበት አጥቼ ነው የገዛሁት።

ዛሬ ልጆቹ ክብ ሠርተው እንደተቀመጡ ኡስታዛ ስለ የካቲቱ «የቤተሰብ ጠዋት» ነገረቻቸው። ሞንተሶሪ ስለሆንን መዝሙርና ጭብጨባ የለም። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሥራ መርጦ ይለማመዳል፤ ከቤቱ አንድ ሰው ይጋብዛል። የተጋበዘው ሰው ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። አይናገርም፣ አያግዝም፣ «ጎበዝ» እንኳ አይልም፣ ሥራው እስኪያልቅ።

«ማንን ትጋብዛላችሁ?» አለች።

አንዷ እናቴን አለች። የሐጅ ተውፊቅ የልጅ ልጅ አያቴን አለ። የኔዋ ኤደን ተራዋ ሲደርስ ብድግ አለች።

«ባባን! ከጅዳ ይመጣል።»

ኡስታዛ እኔን አየችኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ።

ባሌ ማግዲ ለሥራ ጅዳ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኤደን በስልክ ስትጠይቀው «ኢንሻአላህ» ብሏታል። ኢንሻአላህ ደግሞ አይሆንም ማለት አይደለም።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ

ኤደን የመረጠችው ሥራ የአፍሪካ ካርታ ነው። የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ እያንዳንዱ አገር ለብቻው እየተነቀለ ይወጣል፣ መልሶ በቦታው ይገጠማል። ትልልቆቹ ልጆች እንኳ ይፈሩታል። ሩዋንዳና ጋምቢያ የጥፍር ያህል ስለሆኑ በየጊዜው ይጠፋሉ።

ሱዳንን በአንድ እጇ፣ ኢትዮጵያን በሌላው ይዛ፣ «እማማ፣ ይነካካሉ» አለችኝ። «አንቺና ባባ።»

ሁሉንም ገጥማ ስትጨርስ ሰሌዳውን ትኩር ብላ አየችው። «ጅዳ ዌን ናት?» ዌን የት ማለት ነው፤ አማርኛዋ ሲያጥራት በዐረብኛ ትሞላዋለች።

«እዚህ ላይ የለችም። ባሕሩን ተሻግሮ ነው፤ እስያ የሚባል ሌላ ካርታ ላይ።»

«እስያ አለን?»

«የለንም። ገና አልተሠራም።»

አሰበችና ቁጥር ከሚማሩበት ዶቃ አንድ ቢጫ አምጥታ ከሰሌዳው ውጭ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ባባ ነው።»

ለትምህርት ቤቱ የጻፍኩት፦ ኤደን ካርታውን በትክክል ገጠመች፤ አንድ ዶቃ ከሰሌዳው ውጭ አስቀመጠች። ያየሁት ይሄው ነው።

ታኅሣሥ 10፣ ሰኞ

ሰልፍ። ኮብሪው በኮንቴይነር ተዘግቷል። ከድልድዩ ማዶ የሚመጡት ልጆች ቀሩ። ባምባኑ እኛ ድረስ ሸተተ፤ ያ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ። ልጆቹን ወደ ውስጠኛው ክፍል። እርጥብ ፎጣ በበሩ ሥር። ኤደን ካርታዋን በሁለት እጇ ተሸክማ ገባች፤ አንድ አገር አልወደቀባትም። ሸብካ፣ ኔትወርኩ ማለት ነው፣ የለም፤ ስልኩ ሞቷል። ማግዲ ደውሎ አጥቶን ይሆናል።

ታኅሣሥ 13፣ ሐሙስ

ደወለ!

ድምፁ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ብርድ ነው ወይ አልኩት፤ ጅዳ ብርድ የለም አለኝ። ሥራ በዝቶበታል። የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሾፌር ነው፤ ጠዋት ማታ ሲያመላልስ ይውላል። ስለ ቤተሰብ ጠዋት ነገርኩት። «እሞክራለሁ፣ የሺ» አለ። የሺ ሲለኝ ሁልጊዜ «ሺ»ዋን ይጎትታታል፤ የሻሽወርቅ ማለት አቅቶት የጀመረው ነው፣ ገና ያገባኝ ሰሞን። ዛሬ አልጎተታትም። ቸኩሎ ነው።

ከኋላው አንዲት ሴት «ሻዩ ቀዘቀዘ» አለች።

«ቴሌቪዥን ነው» አለኝ።

የግብፅ ድራማ ድሮም ይወዳል።

ታኅሣሥ 22፣ ቅዳሜ

ነፊር ነበረን። ነፊር የኛው ደቦ ነው፤ ወላጆች ሁሉ በእረፍት ቀን መጥተው ትምህርት ቤቱን ያድሳሉ። አባቶች መደርደሪያ ቀቡ፤ እናቶች የተቀደደ ምንጣፍ ሰፉ። ሐጅ ተውፊቅ ጃለቢያቸውን ሰብስበው ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የእንጨት ሥራዎቹን አንድ በአንድ በዘይት ወለወሉ። ድሮ ባቡር ላይ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የልጅ ልጃቸውን ሊያደርሱ ይመጣሉ፤ ወንበሯ ላይ «ትንሽ ልይ» ብለው ይቀመጡና እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ልጆቹ በእግር ጣታቸው ነው የሚያልፏቸው።

ቧንቧው ጋ ምንጣፍ የሚያጥቡ ሁለት እናቶች ነበሩ።

«አሁንም አታውቅም?»

«ማን ይንገራት?»

«መስኪና።»

ስጠጋ ስለ ሳሙና ማውራት ጀመሩ። ስለ ማን እንደሆነ እንጃ። የሰው ወሬ አልወድም።

ሐጅ ተውፊቅ ግብፅን በጨርቅ እየወለወሉ «ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው ልጄ?» አሉኝ።

«የካቲት፣ ኢንሻአላህ።»

«አላህ ያምጣው» ብለው ዘይት የነካ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ከልባቸው ነው ያሉት። ለምን ዕንባዬ እንደመጣ አላውቅም። የቀለሙ ሽታ ነው።

ታኅሣሥ 30፣ እሑድ

ትናንት ገና ነበር። ኤደንን ነጭ ቀሚስ አልብሼ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። ማግዲ በዓሌን ረስቶት አያውቅም፤ የሱ በዓል ባይሆንም ዶሮ ይዞ ይመጣና «ይኸው የኢየሱስሽ ዶሮ» ይለኝ ነበር። አልደወለም። ስልኩን ቀኑን ሙሉ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ይዤው ዋልኩ።

ወደ ማታ እትዬ ምንዳዬ ጠራችኝ። ጎረቤቴ ናት፤ እዚህ አገር ስትኖር ፀጉሯ ሸብቷል። በሩን ዘግታ እጄን ያዘችኝ።

«የሻሽዬ፣ የሰማሁትን ብደብቅሽ እግዜሩም አይወደው። እኅት አይደለሁም ወይ?»

«ወጥ እያረረብኝ ነው» ብዬ ወጣሁ።

ወጥ አልጣድኩም ነበር።

ጥር 5፣ ዓርብ

ሰማሕ መጣች፣ ካላክላ የምትኖረዋ የማግዲ ታላቅ እህት። ለኤደን ቀሚስ፣ ለኔ ሙዝ ይዛ። ልጄን በዐረብኛው «ዓድን» ነው የምትላት። አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረችና «የእናታችን ዓይን» አለች።

ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ማግዲ ቤት ተከራየ» አለችኝ። «ሰፊ ነው። ለልጅቷ ክፍል አላት። አጠገቡ ትምህርት ቤት አለ።»

ልቤ እንዴት እንደዘለለ! «ለኛ ተከራየ?»

«ለልጅቷ ክፍል አላት» አለች ደግማ። «ኢቃማዋን እሱ ያወጣል። ጀዋዟ ነው የቀረው። የልደት ወረቀቷን ስጪኝ።» ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጀዋዝ ፓስፖርት ነው።

«የኔስ?»

ሰማሕ ሙዝ ልጣ ለኤደን ሰጠቻት። «ሹወያ ሹወያ» አለች። ቀስ በቀስ ማለቷ ነው።

ወረቀቱን ፈልጌ እሰጥሻለሁ አልኳት። የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አልሰጠኋትም። ለምን እንዳልሰጠሁ አልገባኝም፤ ደስ ብሎኝ ነበርና።

ስትሄድ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። የኤደንን ልብስ ከተትኩ። የኔንም ከተትኩ።

ጥር 8፣ ሰኞ

ለኡስታዛ ኢንዓም ነገርኳት፤ መልቀቄን ቀድማ ትወቅ ብዬ። እንደኔ ሴት ናት፤ ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«አንቺንም ጠርቶሻል?»

«መጀመሪያ እሷ፣ ከዚያ እኔ።»

«እሱ እንደዚያ አለሽ?»

«ሰማሕ ናት ያለችው። ማለት... እንደዚያ ማለቷ ነው።»

«የሺ፣ የምትነግሪኝ ያየሽውን ነው ወይስ የመሰለሽን?»

ተናደድኩ። ከልጆች ጋር ስትውል እኛንም ልጅ ታደርገናለች። ከዚያ የውኃ መቅጃውን ማሰሮ ከእጄ ጣልኩት፤ መሬቱ ላይ ተበታተነ። ልጆቹ ትንንሽ መጥረጊያቸውን አምጥተው ጠረጉልኝ። አንዱ ስብርባሪውን ሲያፍስ «ሁሉም ሰው ይጥላል» አለኝ። እኔ ነኝ ይሄን ለሱ ያልኩት፣ አምና።

ጥር 18፣ ሐሙስ

ኤደን ከአባቷ ጋር በቪዲዮ አወራች። እኔ እጄ ሊጥ ስለነበር ገብቼ አላየሁትም። ስትጨርስ መጣች።

«ባባ ቤት አንዲት ሴት አለች።»

«የጎረቤት ትሆናለች።»

«አይደለችም። ባዶ እግሯን ናት። ፀጉሯን ታበጥራለች። እጇ ላይ ሒና አለ። ባባ ከሷ ኩባያ ጠጣ።»

ከዚህ በላይ አልጠየቅኋትም። እሷም አልጨመረችም፤ ያየችውን ተናግራ ወደ መጫወቻዋ ሄደች። ማየት ያስተማርናት እኛው ነን።

እዚህ አገር ሴት ሠራተኛ በየቤቱ አለች። ጅዳም እንደዚያው ይሆናል።

ሻንጣው እንደተሞላ ነው።

ጥር 24፣ ረቡዕ

ይመጣል! ቲኬት ቆርጧል። «ለኤደን ጠዋት እደርሳለሁ» አለ በራሱ አፍ። ኤደን ግቢውን ሦስቴ ዞረችው እየጮኸች።

እትዬ ምንዳዬ ጋ ሄጄ ሹሩባ ተሠራሁ። እየሠራችኝ ምንም አላለችም። እሷ ዝም ማለት አይሆንላትም ነበር።

የካቲት 5፣ እሑድ

ገባ። ሰማሕ ጋ አረፈ፣ ካላክላ። ለኤርፖርት ስለሚቀርብ ነው አለኝ በስልክ። እኛ ጀሪፍ ነን፤ ኤርፖርቱ እኛ ጋ ነው የሚቀርበው። ደክሞት ነው።

አንሶላ ቀይሬ ነበር።

የካቲት 7፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ መጣ። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ፣ አቆራኝቶ አስቀመጠ፣ እንደ እንግዳ። የራሱን ጫማ መሃል ቤት ጥሎ እኔን ሲያናድድ የኖረ ሰው ነው።

ከስቷል። ሽቶው ሌላ ነው። ኤደን መጀመሪያ ከቀሚሴ ኋላ ተደበቀች፤ ከዚያ ትከሻው ላይ ወጥታ እምቢ አለች መውረድ። ለሷ አሻንጉሊት አመጣ፤ ለኔ የቀሚስ ጨርቅ። ጨርቁ ቆንጆ ነው። ዓይኑን ከኔ ላይ ሲያነሣ ነው የማገኘው እንጂ ሲያየኝ አላገኘሁትም።

«ከሐሙስ በኋላ እናወራለን» አለ ሲወጣ።

የተቀመጠበት ትራስ ላይ የገባው ጉድጓድ ቶሎ አልሞላም። አላስተካከልኩትም።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳ።

ማግዲ በሰዓቱ መጣ፤ ሰማሕም አብራው። ኡስታዛ በሩ ላይ ሕጉን ነገረቻቸው፤ ዝም ብሎ ማየት ብቻ። ማግዲ ያቺ ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ደረቱ ደረሰ። ሰማሕ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እኔ ሽርጥ እንዳጠለቅሁ ሌሎቹን ልጆች አያለሁ፤ የማየው ግን እነሱን አልነበረም።

ኤደን ምንጣፏን ዘረጋች። ሰሌዳውን አመጣች። አገሮቹን አንድ በአንድ ነቅላ ደረደረቻቸው፤ እጇ አልቸኮለም። ማግዲ መጀመሪያ ስልኩን ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ ኪሱ ከተተው። ሩዋንዳ አልገጥም ስትላት እጁን ዘረጋ፤ ኡስታዛ ራሷን ነቀነቀች፤ መለሰው። ኤደን ጠፍጣፋዋን እንጨት አዙራ፣ አዙራ፣ አገጣጠመቻት። እሱም አብሯት ተነፈሰ።

ሁሉም ከገባ በኋላ ቢጫውን ዶቃ አምጥታ ከሰሌዳው ውጭ አስቀመጠችና አባቷን አየችው።

«ይሄ ሱዳን ነው። እኔ እዚህ ነኝ። እማማም እዚህ ናት፣ አገሯ ግን ይሄ ነው። አንተ እዚህ ነህ። እዚህ ሰሌዳ የለም፤ ምንጣፍ ነው።»

ማግዲ መናገር እንደሌለበት ረሳው። «ያላ፣ ባባ ጋ ትመጫለሽ? ጅዳን ራሷን አሳይሻለሁ።»

«ሥራዬን አልጨረስኩም» አለች። «መጀመሪያ አፍሪካ ነው። ቀጥሎ እስያ። ጅዳ ያለችው እስያ ላይ ነው። ስሠራው አንተ ትመጣለህ፣ እዚሁ ተቀምጠህ ታያለህ።»

ይህን ብላ ሰሌዳውን ተሸክማ ወደ መደርደሪያው መለሰችው፤ ምንጣፏን ጠቀለለች። ማግዲ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ቀረ። ሰማሕ የተከናነበችውን ቶብ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

ግቢው በር ላይ ተከተልኩት። ሳልጠይቀው ተናገረ።

«አግብቻለሁ፣ የሺ። ዓመት ሊሆነው ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ማወቄን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ወረቀቷን ስጪኝ፣ ልጅቷን ልውሰዳት» አለ። «አትከልክይኝ። ጠዋት ጠዋት የሰው ልጆች ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። አንዷ የሷ ዕድሜ ናት። በመስታወት አያታለሁ። መንዳት ያቅተኛል።»

ልጠላው ፈልጌ ነበር። እንደዚህ ባይለኝ ኖሮ እጠላው ነበር።

ኡስታዛ ኢንዓም ከኋላዬ መጥታ ነበር። «ነገ ከጁምዓ በኋላ፣ ሐጅ ተውፊቅ ቤት» አለችው፤ እሱም እሺ አለ።

ቤት ገብቼ ሻንጣውን ፈታሁ። የኔን ልብስ አወጣሁ። የሷን ማውጣት ፈራሁ።

የካቲት 10፣ ዓርብ

ሱዳኖች ጁዲያ ይሉታል፤ ሽምግልና ነው። ሐጅ ተውፊቅ መሃል ተቀመጡ። ማግዲና ሰማሕ በአንድ በኩል፣ እኔና ኡስታዛ በሌላው። ኤደንን እትዬ ምንዳዬ ጋ ትቻታለሁ።

ሐጅ መጀመሪያ ውኃ አስመጡ፤ ሁላችንም ጠጣን። ከዚያ «ተናገር ልጄ» አሉት።

ማግዲ የነገረኝን ደገመው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፣ እዚህ ደግሞ በየሳምንቱ ኮብሪ ይዘጋል፣ ባምባን ነው፣ ልጅ የሚያድግበት አይደለም። ያለው ሁሉ እውነት ነው። ለዚህ ነው ያስጨነቀኝ።

«እናቷስ?» አሉ ሐጅ።

«እሷም ትመጣለች፣ ኋላ።»

«ምን ሆና?»

ማግዲ ባዶ ብርጭቆውን በእጁ አዞረ። ሐጅ ጠበቁት። እኔ አላስቻለኝም።

«ሚስት ሆኜ ነው ወይስ ሞግዚት?» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «እዚህ የሰው ልጆች አያለሁ፤ እዚያ ሄጄ የራሴን ልጅ በሌላ ሴት ቤት ልንከባከብ ነው? ማግዲ፣ አንተን ጠብቄህ ነበር። ድምፅ ስሰማ ቴሌቪዥን ነው እያልኩ፣ ሸብካ ጠፍቶ ነው እያልኩ። አንተን መስጠት የኔ አልነበረም፤ ራስህ ሄድክ። ልጄን ግን አልሰጥም። ልጄ አትሄድም።»

ሰማሕ ተነሣች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወደ ወንድሟ ነው የዞረችው።

«ተዋት» አለችው።

«አንቺ አይደለሽም ልጅ የአባቷ ናት ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ። አሁንም የአባቷ ናት።» ተመልሳ ተቀመጠች። «አንተን ያሳደግሁህ እኔ ነኝ፣ እናታችን ታማ። አጠብኩህ፣ አበላሁህ፣ ገረፍኩህም። ቁጭ ብዬ ግን አላየሁህም። ከቤታችን ማን ነው ልጅ ሲሠራ አንድ ጠዋት ቁጭ ብሎ ያየ? ትናንት አየሁ። ያቺ ልጅ ሥራዬን አልጨረስኩም ስትል እኔ አፈርኩ። ከሥራዋ ላይ አታንሣት፣ ማግዲ።»

ማግዲ አለቀሰ። ሐጅ ተውፊቅ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አድርገው እስኪያበቃ ቆዩ።

«ልጅቷ እናቷ ዘንድ ትቆያለች» አሉ። «አንተ በፈለግህ ጊዜ ትደውላለህ፣ በቻልህ ጊዜ መጥተህ ታያታለህ። አንቺም በሩን አትዘጊበትም፤ ክፉውንም ለልጅቷ አትነግሪያትም። ተስማማችሁ?»

ተስማማን። እነሱ ፋቲሃ ደገሙ። እኔም በሆዴ አባታችን ሆይ አልኩ።

ስለ እኔና ስለ እሱ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። ሲወጣ ጫማው ውስጥ እግሩን ሲያስገባ ሚዛኑን ስቶ ትከሻዬን ያዘ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ ማንን እንደያዘ ሲያውቅ እጁን አነሣ።

የካቲት 14፣ ማክሰኞ

ሄደ። ኤደንን ሰማሕ ኤርፖርት ወስዳ መለሰችልኝ። እኔ አልሄድኩም፣ ሥራ ነበረኝ። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩ። እኔ የአንዷን ሕፃን የቀሚስ ቁልፍ እያቆለፍኩ ነበር። ደጋግሜ ሳትኩት።

እትዬ ምንዳዬ የጾም ወጥ ይዛ መጣች። «ዛሬም እያረረብሽ ነው?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን፤ ከዚያ እኔ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ እሷ አቅፋ ያዘችኝ።

የካቲት 25፣ ቅዳሜ

ነፊር። ሰማሕ መጣች፣ ማንም ሳይጠራት፣ ከካላክላ እስከዚህ በሁለት ሓፍላ አውቶቡስ ተንጠልጥላ። መርፌና ክር ይዛ። ለወንበሮቹ መደገፊያ ትራስ ሰፋች፤ ስፌቷ ጠማማ ነው፣ ማንም አልነገራትም። እነዚያ ሁለት እናቶች ከኔ አጠገብ መጥተው ተቀመጡና አንዷ ያለ ምንም ምክንያት ትከሻዬን ሳመችኝ። «መስኪና» አላለችም። ስሜን ነው የጠራችው።

ኡስታዛ አናጢውን አነጋገረችው፤ የእስያን ካርታ ከዒድ በኋላ ያደርሳል። እኔንም ጠርታ «የሚመጣው ዓመት የራስሽን ክፍል ትይዣለሽ፤ ረዳትነት ይበቃሻል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ለማን ልንገረው ብዬ ሳስብ መጀመሪያ የመጣልኝ ማን እንደሆነ አልጽፍም።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

ማግዲ ደወለ። ስልኩን ለኤደን ሰጠኋትና ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። መስኮቱ ክፍት ነው። ስለ እስያ ትነግረዋለች፤ ጃፓን ብዙ ቦታ የተቆራረጠች ስለሆነች ትጠፋብኛለች ብላ ትሰጋለች። እሱ ሳቀ። ያ ሳቁ ነው፣ መጨረሻ ላይ እንደ ሳል የሚይዘው። እርጥቡን አንሶላ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ውኃው እግሬ ላይ ሲንጠባጠብ ነው የነቃሁት።

ጨርሳ ስልኩን አመጣችልኝ።

«ስለ እኔ ጠየቀ?» አልኳት። ልጠይቃት አልፈለግሁም ነበር።

«አልጠየቀም።» ፊቴን አየችና «ልደውልለት?» አለች።

«ተዪው፣ ሥራ ላይ ነው።»

ወደ ውስጥ ሮጠች። እኔ አንሶላውን አሰጣሁና ይሄን ደብተር አምጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ናፍቆኛል። ካገባም በኋላ፣ ልጄን ሊወስድ መጥቶ ከሄደም በኋላ፣ ናፍቆኛል። ተመለስ ብሎ ለመለመን አይደለም። ቢመለስም በሩን የምከፍትለት አይመስለኝም። ግን ማታ ማታ የግቢው በር ሲንኳኳ ጆሮዬ ቀድሞኝ ይነሣል። ምን ላድርገው?

አንሶላው ደርቋል። አቧራ ሳይነሣ ላስገባው።